የኤይለርት የሥራ ሰዓት

ኤይለርት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩቁ ሰሜን ሰውና መኪና በፊዮርዱ፣ ተራሮች መሃል በገባው የባሕር ወሽመጥ፣ በምታሻግር መርከብ ላይ ሠርቷል። ጡረታ በወጣ ማግስት የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና «ከእንግዲህ አዛዡ እኔ ነኝ» አለ። ምን ያደርጋል፣ ያዘዘው የፀሐይ ብርሃን ነው። አሁን ሥራው የጎረቤቶቹን አሮጌ ጀልባዎች መጠገን ሲሆን፣ ፀሐይ በማትወጣባቸው ሁለት ወራት እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ነጣ ሲል ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይዘጋል። በመጋቢት በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። በሰኔ ፀሐይዋ ጨርሶ ስለማትጠልቅ እሱም መዶሻውን የሚያስቀምጠው ሲደክመው ብቻ ነው። አምፖል አብርቶ መሥራት አይወድም። ለምን ሲሉት «የእንጨቱን መልክ ያሳስታል» ይላል፤ እውነቱ ግን ግትር ስለሆነ ነው።

አንድ የሰኔ ሐሙስ ራግንፍሪድ መንገድ ላይ አስቆመችው። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል።

«ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓሣ እሠራለሁ። ና።»

«እመጣለሁ።»

«ደግሞ ሥራ ላይ ነበርኩ እንዳትለኝ!»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ደቂቃ አርፍጄ አላውቅም።»

«ያኔማ የሚጮህብህ አለቃ ነበረህ» አለችና ሄደች።

ኤይለርት ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው። ከዚች ሴት ጋር አንድ ገበታ መቅረብን ሁለት ዓመት ሙሉ ተመኝቶ አፍ አውጥቶ መናገር ያቃተው ሰው ነው። ቤቷ ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ አዲስ ካልሲ ገዛ። ቅዳሜን ነፃ ለማድረግ ደግሞ የጀመራትን ጀልባ ልጨርስ ብሎ ሁለቱን ብሩህ ሌሊት እንቅልፍ ሳያይ ሠራ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰ። «አንድ ሰዓት ብቻ ልጋደም» አለ።

ሲነቃ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። ጭጋግ ባሕሩንም ተራራውንም ሸፍኗቸዋል። የእጅ ሰዓቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ሲያይ አሥራ አንድ ተኩል ይላል።

«ተመስገን፣ ደርሻለሁ!»

ተላጨ፣ ካልሲውን አጠለቀ፣ ከደጁ አበባ ቆረጠና ወጣ። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም፤ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። «ሁሉም እራት ላይ ነው» አለና በደስታ እያፏጨ ሄደ።

ሁለቴ አንኳኳ። ራግንፍሪድ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከፈተች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«እራት… ጠርተሽኝ አልነበር?»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እራቱ ትናንት ነበር። ዛሬ እሁድ ነው፤ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

ኤይለርት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ከትናንት እኩለ ቀን እስከ አሥራ አንድ ተኩል ተኝቼ ነው» አለ።

«አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል?» የመምህርት ነገር፣ በእንቅልፍ ልቧም ታሰላለች። «እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩህ። ሦስቴ በመስኮት አየሁ። ከዚያ ስሰድብህ አምሽቼ ተኛሁ።»

በመስኮት ማየቷ ከስድቡም በላይ አንጀቱን በላው። «ከፀሐይ ብርሃን ጋር እሽቅድምድም ስል ሰውን ረሳሁ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።» አበባውን ሰጥቷት ዞረ።

«ቁም እስቲ። በጨለማው ወራት ስንት ሰዓት ነው የምትሠራው?»

«ሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ቁጭ እላለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለ ኤይለርት። ራግንፍሪድ አበባውን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለች። «እንግዲያው ሁለቱን ሰዓት ለጀልባህ ስጥ። ሃያ ሁለቱን እዚህ ና።»

«ስተኛስ?» አለ፤ ከአፉ አምልጦት ነው።

ራግንፍሪድ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እንቅልፍህንማ አየነው» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።