በሬዎቹስ ደኅና ናቸው?

አያቴ እምዬ ካረፉ ወዲህ ወደ ሉማሜ ሮብ ገበያ ስሄድ ስለ በሬዎቼ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። በመንገዴ ላይ ባለው ቤታቸው በር አጠገብ ያለው መደባቸው ባዶ ነው፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ይናፍቀኛል። እምዬ ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚሉት «በሬዎቹስ ደኅና ናቸው?» ነበር፤ ልጆችን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቅር ብሎኝ ምክንያቱን ብጠይቃቸው የጣሊያንን ዘመን አጫወቱኝ።

ባላቸው ዱር ቤቴ ካሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንዱን በሬ የጣሊያን ወታደሮች ወደ ምሽጋቸው ነድተውታል። የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ሊያሳርሱ ሲሰናዱ፣ ታናሽ ወንድማቸው የተራቡ አርበኞች አስከትሎ ከጫካ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ክረምቱ ገባ እኮ፤ በምን ላሳርስ?» አሉት።

«እህቴ፣ ሰዎቼ እህል ከቀመሱ አራት ቀናቸው ነው» አለና እያለቀሰ በሬውን አረደው።

መሬቱ ጦሙን አደረ። በዓመቱ የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው በረሃብ ሞተች። ጣሊያን ሲወጣ ባላቸው አልተመለሱም። ወንድማቸው ግን ተመለሰ፤ እስኪሞት ድረስም በየክረምቱ የእርሳቸውን ማሳ ሳያርስ የራሱን አይነካም ነበር።

«ይቅር አሉት ታዲያ?» አልኋቸው።

እምዬ መለሱልኝ።

«ምን ብዬ ልቀየመው ልጄ? ከሥጋው እኛም በልተናል። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ጠግባ የተኛችው ያን ቀን ነው።»