ባለ ሁለት መቶ አርባው ጣውላ

ስሙን የሚጠራው የለም፤ ወርክሾፑ ውስጥ ሁላችንም «ሚሊሜትር» ነው የምንለው። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ በርና መስኮት እገጣጥማለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆርጥልኝ አንድም ቀን ቁራጩን በመላጊያ ነክቼ አላስተካከልኩም።

ባለፈው ዓመት ትእዛዝ መጣ፦ የብቃት ምዘና ያላለፈ ሰው ማሽን ላይ አይቆምም። የተግባሩን ፈተና በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ወጣ፤ ፈታኞቹ የቆረጠውን ለክተው እርስ በርስ ተያዩ። የጽሑፉ ግን አሥር የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ያገኘ ያልፋል። እሱ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ከወደቀ ወደ ጭነት ክፍል ወርዶ ጣውላ መሸከም ነው፤ በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ በዚያ በታመመ ወገቡ።

መልስ አጥቶ አልነበረም የሚወድቀው። «አንድ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ አምስት ሲደመርበት ሃያ ስድስት ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» ሲሉት ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ሰባት» ይላል። እንዴት አገኘኸው ቢሉት «ሞከርኩት፣ ገጠመ» ነው። አሠራሩን ላልጻፈ ደግሞ ዜሮ ነው የሚሰጠው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ከሥራ ሲገባ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ደብተር ትዘረጋለች።

«ያልታወቀውን ቁጥር ኤክስ በለው።»

«ካልታወቀ ስም ምን ያደርግለታል?»

«አንተስ ስም እያለህ ሚሊሜትር ይሉህ የለ? ጻፍ!»

ሦስት ሳምንት ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ግን መንገድ ቀይራ ጠየቀችው። «ኤክስ መጀመሪያ ምን ተደረገ? በሦስት ተባዛ። ቀጥሎስ? አምስት ተደመረበት። ስትፈታው ከየቱ ትጀምራለህ?»

«መጨረሻ የገባው ብሎን መጀመሪያ ይወጣል» አለ። አምስቱን ቀነሰ፣ ሃያ አንድ ቀረ። ለሦስት አካፈለ፣ ሰባት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። በማግሥቱ ስብርባሪ ጣውላ ላይ በእርሳስ እኩልታ ሲጽፍ አገኘሁት። «ሽማግሌው ተማሪ» ብለን አላገጥንበት፤ እሱም ከልቡ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የፈተናው ቀን በር ላይ ጠበቅኩት። «አራቱን አልነካኋቸውም፣ ሰዓት አለቀብኝ» አለ። «አምስቱ ልክ ናቸው። የመጨረሻዋ ግን የኛው ናት! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሠራኋት።»

ጥያቄዋ እንዲህ ትላለች፦ 240 ሴንቲሜትር ጣውላ ለሁለት ተቆረጠ፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው በ30 ይረዝማል፤ አጭሩ ስንት ነው?

ውጤቱ ሲለጠፍ አምስት ሆነ። ይዤው ፈታኙ ቢሮ ገባሁ።

«መልሱ 105 ነው» አለ ፈታኙ። «እርስዎ 104.8 ብለዋል።»

«መጋዙስ? መጋዝ እኮ አራት ሚሊ ይበላል! እሱን ቀንሼ ነው ያካፈልኩት። አሠራሩ ይኸው።»

እውነቱን ነው። እንጨት ሲቆረጥ የመጋዙን ጥርስ ውፍረት ያህል ብናኝ ሆኖ ይወድቃል፤ ይህን የረሳ ቆራጭ በር ያሳጥራል። እኛ ዘንድ ጀማሪን የሚቆጡት በዚህ ነው።

«ጥያቄው ላይ መጋዝ የሚል የለም፣ አባቴ።»

«ታዲያ በምን ተቆረጠ? በጥርስ?»

ፈታኙ አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀቱን ሁለት ሦስቴ አገላበጠው። «ገብቶኛል» አለ። «ግን የተሰጠኝ መልስ 105 ነው። ከዚያ ውጭ ማረም አልችልም።»

ሚሊሜትር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሺ» ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ልናገር ብል እጁን አወዛወዘብኝ።

አሁን ጭነት ክፍል ነው። ማሽኑን ሰርተፊኬት ያለው ሰው ያዘው፤ ደህና ይቆርጣል፣ ምን እንከን አወጣለታለሁ። ሚሊሜትር ጣውላ ተሸክሞ በማሽኑ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ የክር መደርደሪያ እንዲሠራላት ጠይቃው ኖሯል፤ ሰማንያ ሴንቲሜትር፣ አንድ ቁራጭ ብቻ። ለካና አሰመረ። እንደገና ለካ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጎን፣ የመጋዙን ውፍረት ያህል አልፎ፣ ሌላ አሰመረ። የእጅ መጋዙን አስጠግቶ ቆመ።

«አንቺ፣ የቱ ላይ ልቁረጥ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? የማን ሥራ ነው?»

«እንጃ» አለ።

መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እሷ እኔን አየችኝ። ተቀብዬ ልቁረጥለት ብዬ አሰብኩ፤ አሳፈረኝ፤ በእሱ ፊት እኔ ልቆርጥ? ጣውላው እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው፤ ክሮቿም በካርቶን ሆነው ወለል ላይ ናቸው።