ማን ይቅደም?

ልጅ ሳለሁ ክረምት በገባ ቁጥር የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበት ነበር፤ እኛ ግን ክረምትን እንወደው ነበር፣ የአባቴ እህት እትዬ ጥሩነሽ ተረት የሚነግሩን ያን ጊዜ ነበርና። ትንኙን ለማባረር ኩበት ያጨሳሉ፤ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ በኩራዙ ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያየን እናዳምጣለን። ያኔ ደጋግመን የምናስነግራቸው ጎጆዋን ጎርፍ ስለከበባት ወፍ ነበር። ጫጩቶቿ አምስት፣ አፏ የሚይዘው ግን አንድ። «መጀመሪያ የትኛውን?» እያልን ስንጨነቅ፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ «ለውሃው የቀረበውን፤ ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን» ይሉናል። ለእኛ ጨዋታ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። እናትና አባቴ ወረታ ገበያ ሄደዋል፤ ቤት የቀረነው እትዬ፣ እኔ፣ ገና ድክ ድክ የሚለው ወንድሜ ሙሉና ዓይናቸው የጠፋው አያቴ ነበርን። ውሃው በበር ሲገባ የዘር ሩዙን ጆንያ መጎተት ጀመርኩ፤ እሱን ትቼ ወደ ጥጃችን ሮጥኩ፤ ጥጃዋንም ሳልፈታ የሙሉን ለቅሶ ሰምቼ ተመለስኩ። እስከዚያ ያተረፍኩት ምንም አልነበረም።

እትዬ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ቁሚ እስቲ ልጄ። ማን ይቅደም?»

«ሙሉ።»

«እሱን አዝለሽ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ አድርሺውና ነይ።»

«ጥጃዋስ?»

«ሙሉን ነው ያልኩሽ።»

ሙሉን ለጎረቤት ሰጥቼ ተመለስኩ። ቀጥሎ አያቴን ግራና ቀኝ ደግፈን፣ እግራቸው ጭቃውን እየዳበሰ፣ ቀስ ብለን አወጣናቸው። ከዚያ ጥጃዋን። ለሩዙ ልመለስ ስል ውሃው ደረቴ ደረሰ፤ እትዬም «ይብቃን» አሉኝ። ሲመሻሽ ጉብታው ላይ ፊታቸውን ወደ ቤታችን አዙረው ያለ ድምፅ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ያ ጆንያ የራሳቸው ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በእጃቸው ያፈሩት፣ ለከርሞ ያስቀመጡት ዘር። ያን ሁሉ ጊዜ አንዴም ስሙን አላነሱትም።

ዛሬ እዚያው ወረታ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሦስት እናቶች ባንዴ ምጥ የሚይዛቸው ቀን አለ። ባልደረቦቼ «አንቺስ አትደነግጪም» ይሉኛል። እደነግጣለሁ እንጂ። የሌሎቹ የምጥ ጩኸት በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል፤ እጄ ግን ከያዝኳት እናት ላይ አይነሳም።