ማሽኑ የዘለለው መስመር

በ1965 ዓ.ም. ጥር ላይ በኮምፒዩተር የተዘጋጀው የክትባት ዝርዝር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነገሌ ቦረና ሲደርስ፣ ስህተቱን ያየችው የከብት ሕክምና ጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ብዙወርቅ ቢረሳው ብቻ ነበረች።

ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ኤላ፣ ማለት ከብት ለሚጠጣበት ጥልቅ ጉድጓድ፣ ደስታ ለሚባለው ገዳይ የከብት በሽታ ስንት ብልቃጥ ክትባት እንደሚላክ የሚናገር ነው። ኤላዎቹ በቁጥር ይታወቃሉ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት በነገሌ ዙሪያ ናቸው። ዝርዝሩ ግን ከአሥር ይጀምራል። ገጽ ጎድሎ ይሆናል ብላ ፖስታውን ገልብጣ አራገፈችው። ምንም የለም። ከዚያ በሞያሌ በኩል ያለውን ሰባ ቁጥርን አየች። አምና ሁለት ሺህ ከብት የነበረው፣ ዘንድሮ ስድስት ሺህ ሆኗል። የነገሌው ሰባት ቁጥር ደግሞ አምና አራት ሺህ ነበረው።

«ሰባትን ሰባ አድርገውታል!» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

እንዲህ ቶሎ የገባት ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ ከሰሜን በፖሊስነት መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነው። እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ከአማርኛው እኩል ኦሮምኛ ታወራለች። ትምህርቷን ስትጨርስ አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር በቀዳዳቸው የሚያነባቸውን ካርዶች እንድትበሳ ቀጠራት። ፈጣን ስለነበረች ፕሮግራም መጻፍ አስተማሯት። በ1959 የክትባቱን ዘመቻ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መስመር፣ የአሥራ አንድ ወር ሥራ። ከሦስት ዓመት በኋላ እናቷ ወይዘሮ ወለተሐና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ብዙወርቅ ሥራዋን ትታ ተመለሰች። ነገሌ ኮምፒዩተር የለ፤ ያገኘችው የታይፕ ሥራ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱን የሚመሩት አቶ አበባየሁ የምትለውን በጥሞና ሰሟት።

«ማሽን እንዴት ይሳሳታል?»

«ማሽኑ አይደለም። ባለፈው ክረምት አዲስ ማሽን አስገብተዋል። አዲሱ የሚሰማው ያንኑ የፕሮግራም ቋንቋ ቢሆንም የታደሰውን ነው፤ በድሮው የተጻፈውን ሁሉ አይቀበልም። ስለዚህ የእኔን ፕሮግራም በሌላ ፕሮግራም አስቀይረውታል። ሰው አላየውም።»

«እና ምን ላድርግልሽ? ትእዛዙ ተፈርሟል። ከታቢዎቹም ክትባቱን ይዘው ወደ ሞያሌ ወርደዋል።»

«አዲስ አበባን ያገናኙኝ።»

ሬዲዮ ስልኩ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። በወዲያኛው ጫፍ አብሯት ካርድ ይበሳ የነበረው ሥዩም ነበር፤ አሁን የፕሮግራም ክፍል ኃላፊ ሆኗል።

«ብዙዬ! ያኔ ዓመት ገደማ የፈጀብሽን ሥራ ቀያሪው ፕሮግራም በአንድ ከሰዓት ጨረሰው እኮ! ብታይው ትደነቂ ነበር።»

«ሥዩም፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ኤላዎች ጠፍተዋል።»

«ስህተት ቢኖር ማሽኑ ይናገር ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረም።»

«ስላልተናገረ እኮ ነው የምነግርህ!»

ድምፁ ተቆራረጠ። ከብዙ ልመና በኋላ የተቀየረውን ፕሮግራም አትሞ ሊልክላት ተስማማ። ወረቀቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የድሮውን ግልባጭ ከሣጥኗ አወጣችና ከአዲሱ ጎን መሬት ላይ ዘረጋችው። ተንበርክካ መስመር በመስመር ታመሳክር ጀመር። ወይዘሮ ወለተሐና ከአልጋቸው ሆነው ያዩዋታል።

«ሁለቱም አንድ አይደሉም እንዴ፣ ልጄ?»

«ይመስላሉ፣ እማዬ። ችግሩ እሱ ነው።»

ቀያሪው ትርጉሙ የጠፋበት መስመር ሲገጥመው ከፊቱ ኮከብ እያደረገ አልፎታል። ኮከብ ያለበትን መስመር ማሽኑ አይሠራበትም። ስልሳ ሦስት ኮከብ ቆጠረች። አብዛኞቹ ስለ ድሮው ማተሚያ የሚናገሩ፣ ቢቀሩም የማይጎዱ ነበሩ። ስድስት መቶ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ጽሕፈት ቤቱ የከብቱን ብዛት ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ በሚልከው ፎርም ላይ ለኤላ ቁጥር ሁለት ሳጥን አለ። ሰባት ሲጻፍ በመጀመሪያው ሳጥን ይገባል፤ ሁለተኛው ባዶ ይቀራል። መስመሩ «ሁለተኛው ሳጥን ባዶ ከሆነ ቁጥሩ ባለ አንድ አኃዝ ነው» የሚል ነበር። መስመሩ ሲታለፍ፣ አዲሱ ማሽን ባዶውን ዜሮ ብሎ አነበበው። ሰባት ሰባ ሆነ፤ ሦስትም ሠላሳ።

ስህተቱን በማግኘቷ አልተደሰተችም። ያችን መስመር በድሮው ማሽን ብቻ በሚያስኬድ አቋራጭ መንገድ የጻፈቻት ራሷ ናት፤ ለምን እንደጻፈቻትም የትም ቦታ ማስታወሻ አልተወችም። ያኔ ማን ይጠይቃል ብላ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሀላኬ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ቢሮዋ ገቡ። ከብቶቻቸው የሚጠጡት ከሰባት ቁጥር ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ናጋ?» አሉ፤ እንዴት አደርሽ፣ ሰላም ነሽ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ ኦቦ ሀላኬ። አንቱስ? ከብቱስ?»

«ከብቱ ናጋ አይደለም። የሁለቱ ላሞች ዓይን ያለቅሳል፣ አፋቸውም ቆስሏል። ክትባት ሞያሌ ወረደ ይላሉ። እኛስ? ከመንግሥት መዝገብ ማን አወጣን?»

በኦሮምኛ ልታስረዳቸው ሞከረች። ማሽን፣ ቀያሪ፣ ባዶ ሳጥን እያለች ስትናገር ለራሷም ቀልድ መሰላት። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቁ።

«እኔ የማውቀው» አሉ፣ «ኤላው ከቦታው አልሄደም።»

ከሄዱ በኋላ፣ ከሰዓት ሥዩምን በሬዲዮ አግኝታ መስመሯ በአዲሱ ቋንቋ እንዴት እንደምትጻፍ ፊደል በፊደል ነገረችው። እሱ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ሳተ። በመጨረሻ «ገብቶኛል» አለ፤ «ግን እኔም ብሆን እንዲሁ አልነካውም። የተቀየረ ፕሮግራም ለማሻሻል ኮሚቴ አለ። በደብዳቤ ጠይቂ።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

መናገሪያውን እንዳትወረውረው ራሷን ያዘች። ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አቶ አበባየሁ አዩዋትና ያላዩ መስለው ገቡ።

ዘዴው የመጣላት እዚያው እንደተቀመጠች ነው። ፕሮግራሙን ካላስነኳት፣ ፎርሙ የእሷ ነው! ከሰባት ፊት ዜሮ ብትጽፍ ሁለቱም ሳጥን ይሞላል፤ አዲሱ ማሽን ሌላ የሚያነበው አይኖርም። ተነሥታ ገባችና ጽሕፈት ቤቱ ያስቀራቸውን የፎርም ቅጂዎች አወጣች። የዘጠኙ ኤላዎች ፎርም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሁሉንም እንደ አዲስ ሞላች። በአራተኛው ቀን አቶ አበባየሁም ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡና ይጽፉ ጀመር። ሲያልቅ በራሳቸው ፊርማ በአውሮፕላን ላኩት።

የተስተካከለው ዝርዝር መጋቢት አጋማሽ ላይ መጣ። አንድ ብሎ ይጀምራል። ከታቢዎቹ የበረዶ ሣጥናቸውን ጭነው ሰባት ቁጥር ሲደርሱ ብዙወርቅ አብራ ሄዳ ነበር። ኦቦ ሀላኬ ከሠላሳ አራት ከብት አሥራ ሰባቱ ብቻ ተርፈውላቸዋል። እሷን ግን አልወቀሷትም። አንዷን ላም በቀንዷ ይዘው ለመርፌው አመቻቹ።

በግንቦት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰ። «በነገሌ ጽሕፈት ቤት የፎርም አሞላል ጉድለት ምክንያት የተፈጠረው መዘግየት እንዳይደገም» ይልና፣ ሠራተኞች ቁጥር በጥንቃቄ እንዲጽፉ ያሳስባል። ስለ ቀያሪው አንድም ቃል የለበትም። ብዙወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሦስት ገጽ መልስ ጻፈች፤ ስልሳ ሦስቱን ኮከቦች አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ የትኛው እንደሚጎዳ፣ የትኛው እንደማይጎዳ፣ የራሷንም ጥፋት ሳትደብቅ። አቶ አበባየሁ ፈረሙበት። መልስ አልመጣም።

በ1966 ጥቅምት የፊልቱ ከተማ የከብት ሕክምና ጸሐፊ ቡርቱካን በሬዲዮ ፈለገቻት። የግመል ቆጠራ ፎርሟ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል።

«ሁለተኛው ወር ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሃያኛ ወር የለም ብለው ይመልሱብኛል። ያበድኩ መሰለኝ እኮ፣ እህቴ!»

«አላበድሽም» አለቻት ብዙወርቅ። «ከሁለቱ ፊት ዜሮ ጻፊ። የሜጋዋንም ጸሐፊ ንገሪያት።»