ከአግዳሚው ስር

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ አናጢ ነበሩ። አግዳሚ ግንድ ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጫፍና ጫፉን በሁለት ድንጋይ ያሳርፉና መሐሉ ላይ ሰው ያቆሙበታል። ጎንበስ ብለው እያዩ፣ «ጀርባው ይጨመቃል፤ ሆዱ ይለጠጣል። እንጨት የሚከዳህ በሆዱ ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጉጥ የሌለበትን ጎን ሆድ ብለው በከሰል ያሰምሩበታል፤ ወደ ታች የሚዞረው እሱ ነው።

ንጉሡ ደብረ ታቦር ከትመው ሳሉ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ስንሠራ አንድ የእብናት አናጢ አብሮን ነበር። በእሱ አገር ከሰል የሚሰመረው ጀርባው ላይ ነው። አጎቴ ያሰመሩበትን ግንድ እንደ ልማዱ መስመሩን ወደ ላይ አድርጎ አጋደመው፤ ጉጡ ወደ ታች ዞረ። ሰዎቹ ሣር ተሸክመው ሲወጡ ግንዱ ሲንቋቋ ሰማሁ። አጎቴ ከስሩ እንደቆሙ፣ «ውረዱ! ሆዱ ወደ ላይ ነው!» ብለው ጮኹ። የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ንቅንቅ አላሉም።

«አንቱ ለምን ከስሩ ይቆማሉ?» አልኳቸው።

«ያሰመርኩት እኔ፤ ማን ይቁምልኝ?»

ትናንት አርባቸው ወጣ። ነገ የመጀመሪያ አግዳሚዬ ይወጣል። መስመሩን አሥር ጊዜ አየሁት። ከስሩ ያለው ቦታቸው ባዶ ነው። ያሰመርኩት እኔ ነኝ።