ጳጉሜን የዘለለው ፕሮግራም

ከደሴ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ሐይቅ ከተማ የሚኖር ሰይድ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ የሁላችንንም ችግር የሚፈታ ኮድ ጽፎ ላፕቶፑ ውስጥ ቆልፎበታል ሲሉኝ፣ ፊት ለፊት ልጠይቀው ቆረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የዝናብ መረጃ የሚያሰላ ፕሮግራም በጋራ እንጽፋለን። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። የእኛ አገር የመንደር ዝናብ ለኪዎች የሚመዘግቡት በእኛው አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ ግን ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም፤ ጳጉሜን ሲያገኝ እንደ ስህተት ቆጥሮ ለማንም ሳያሳውቅ ይጥላታል። እኔ ይህን የደረስኩበት ገና በዚህ ክረምት ነው። እስከዚያው በዚሁ ስሌት ክረምቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወጣል እየተባለ ለገበሬው በስልክ ምክር ሲላክ ቆይቷል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ሁሉ የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ነው ያስተማሩኝ። ስለዚህ እውቀት የሚደብቅ ሰው አልወድም።

ወደ ውጫሌ

ሐይቅን አልፌ መጀመሪያ ወደ አምባሰሏ ውጫሌ ሄድኩ፤ ምክሩ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ ሳላይ ልከራከር አልፈለግሁም። ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ጭኗል። ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ደጋግመው አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«ኮምፒውተር ነው፣ አባባ።»

«እኔ ደግሞ አስተቃቀፍሽን አይቼ እንቁላል መስሎኝ፣ እንዳልነካሽ ብዬ ትንፋሼን ውጬ መጣሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ንዴቴ ባይበርድም ሳቅኩ። ከሐይቅ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል፣ ጤፉ ለምልሟል። ውጫሌ ወርጄ ሽሮ በላሁና ባጃጅ ያዝኩ። ጭቃው ባጃጁን ሲያስቆመው የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

የምፈልጋት ጦይባን ነበር፤ የስልኩ ምክር የሚደርሳት፣ አምና ከሰረች የተባለች ገበሬ። ማሳዋ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ።

«መልእክቱ ዝሪ አለኝ፣ ዘራሁ» አለች መሬቱን በእግሯ ጫን እያለች። «ጳጉሜን ሙሉ ሲያወርደው ሰነበተ። ሽምብራው እዚሁ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር ውስጥ በሰበሰ። ዘር የሚሆን እንኳ አልቀረኝም፤ የዘንድሮውን ከእህቴ ነው ያመጣሁት። እሱም ከጠፋ ሌላ የለኝም።»

ምክንያቱን ነገርኳት። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን እንደማያውቃት ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ወላሂ? ሴት ልጄን የወለድኳት እኮ በጳጉሜ ነው! አልተወለደችም ሊለኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ዘንድሮም መልእክቱ ሰሞኑን ይመጣል፣ እታለም። ሰፈሩ ሁሉ ወንፈል ገብቶ አብሮ ሊዘራ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ሳልደውልልሽ እንዳትዘሪ» አልኳት። ምን ይዤ እንደምደውል ግን አላውቅም ነበር።

ሐይቅ

በማግስቱ ሰይድን ውሃው ዳር ካለ አሳ ቤት አገኘሁት። ቀረሶ የሚባለውን አሳ ጥብስ አዝዞ ቆየኝ። ሰላምታዬን አሳጠርኩ።

«ኮዱን ለምን ደበቅከው?»

«ብዪ እንጂ መጀመሪያ፣ እትዬ ብርቄ።»

«ልበላ አልመጣሁም።»

እጁን ታጥቦ ላፕቶፑን ከፈተና ወደ እኔ አዞረው። ያየሁት የራሳችንን ፕሮጀክት ገጽ ነው። ሰይድ ማስተካከያውን ከነማብራሪያው ልኮልን ነበር፤ አምና፣ ከክረምቱ በፊት። ከሥሩ ከእኛ ሰዎች አንዱ አልቀበልም ሲል እንዲህ ብሎ ዘግቶታል፦ «አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም። ይህ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው፤ መረጃህን አስተካክል።»

የጻፈውን ሰው ስም አየሁ። የኛው አገር ሰው ነው! በየዓመቱ ከጳጉሜ ማግስት እንኳን አደረሳችሁ እያለ የሚልክልን ሰው። ፈረንጆቹ ፊት የአገር ቤት ጣጣ ያመጣን እንዳንመስል ፈርቶ ወሩን ካደው። ከእሱ ሥር ማንም ምንም አላለም።

ደሜ ፈላ፤ አሁን ግን በሰይድ አልነበረም።

«ለምን ደግመህ አልላክህም?»

«ጌታዬ! አንዴ ከበር የመለሰኝን ሰው ቤት እንደገና ላንኳኳ? ደግሞም ኮዱ ቆሻሻ ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት የያዝኩበት መንገድ ራሴንም ያሳፍረኛል። ላሳምረውና...»

«እስክታሳምረው ጦይባ ትዘራለች። ቆሻሻውን ላከው፤ አብረን እናጥበዋለን።»

የዘጉበትን ገጽ እዚያው መልሼ ከፈትኩት፤ ሥልጣኑ አለኝ። የስልኩ ኔትወርክ እየተንፏቀቀ፣ አሳው እየቀዘቀዘ፣ ሰይድ ላከ። ከሥሩ «እናመሰግናለን፤ አምና መግባት ነበረበት» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ የዘጋው ሰው መልእክት ላከልኝ፦ «ስሜን ለምን ታነሺያለሽ?»

«ስምህን አላነሳሁም። የጻፍከው ራሱ እዚያው አለ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ አሳውን ቀዝቃዛውን በላሁ።

ደሴ

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳጉረመርም መጣሁ። ኮድ አካፍሉ እያልን በየስብሰባው እንለፍፋለን፤ ሰው አይሳተፍም ብለን እናማርራለን። የሚሳተፈው ሲመጣ ግን ደጃፍ ላይ ገፍትረን እንመልሰዋለን። የመጣውን መቀበል ካልቻልን የቀረውን መውቀስ ነውር ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ለመማርም ይህን ያህል ርቄ መሄድ አልነበረብኝም፣ የራሳችንን ገጽ ባነብ ይበቃ ነበር።

ቤት ስደርስ ሁለት ባልደረቦቻችን የሰይድን ኮድ ፈትሸው፣ አንድ ቦታ አርመው አስገብተውታል። የውጫሌን የዝናብ መዝገብ አስገብቼ አሰላሁና ደወልኩ።

«ጦይባ፣ አሁን አትዝሪ። ጳጉሜ ትለፍ፣ መስከረም ይጥባ።»

«አልሐምዱሊላህ! ለሰፈሩም እነግራለሁ። ማነው ያሰላው?»

«ሰይድ ይባላል፤ የሐይቅ ሰው ነው።»

«እዚሁ አጠገባችን?» አለች። «አምናም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለ?»

ልዋሻት አልቻልኩም።

«ዝም አላለም» አልኳት። «ተናግሮ ነበር።»