የባንችይርጋ መቀናጆ

የሰው ክምር ማቃጠል በእኛ በፍላቂት ገጠር ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም። ጎረቤቴ ምናለ ግን አደረገው። ከባንችይርጋ ጋር በድንበር ተጣላና ጠጥቶ መጥቶ የገብስ ክምሯ ላይ ክብሪት ጫረበት። የዓመት እህሏ አመድ ሆነ።

ባንችይርጋ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ምናለም ያለው አንድ። ሁለቱን አቀናጅቶ የእሷንም የራሱንም መሬት የሚያርሰው እሱ ነበር። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ ይሄ ግን የሚበላበትን አቃጠለ! ወህኒ ይበስብስ አልኩ። መንደሩም ከእኔ ጋር ነበር።

ምናለ እንደታሰረ ሚስቱ ስሜነሽ ስንቅ ተሸክማ ወህኒ ቤት መመላለስ ያዘች። በጎቹ ተሸጡ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ በሬውን ልትሸጥ ነው ተባለ። እኔ እሰይ ስል፣ ባንችይርጋ የራሷን በሬ ታያለች። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድም፤ ክረምቱም እየቀረበ ነው።

ቅጣቱ የሚወሰንበት ቀን ችሎቱ ሞላ። ዳኛው ተበዳይ የምትለው ካላት ትናገር አሉ። አሁን ልኩን ትነግረዋለች ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ክምሬን አቃጥሎብኛል፤ አንጀቴ እስከዛሬ አልበረደም» አለች። «ግን እሱ ወህኒ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ የኔን መሬት ማን ያርስልኛል? በሬው ከተሸጠ የሱም ልጆች የኔም ልጆች ይራባሉ። ይውጣና ያቃጠለውን አርሶ ይክፈለኝ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ይህች ሴት አብዳለች እንዴ? ስሜነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ሽማግሌዎች ተነስተው ዋስ ሆኑ፤ ዳኛውም እስራቱን በገደብ አደረጉለት። የተቃጠለው እህል እስኪተካ ድረስ የእሷን መሬት ሳያርስ የራሱን እንዳይነካ ሽማግሌዎቹ አስማሉት።

መሐላውን ጠበቀ። የባንችይርጋን እርሻ ሲጨርስ የነቀለው ቁጥቋጦ ደርቆ ማሳው ዳር ተከምሮ ነበር። እኔም ለእርዳታ ሄጄ እዚያው ነኝ። ባንችይርጋ ከመቀነቷ ክብሪት ፈታችና ለምናለ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ አንተ ለኩሰው» አለችው።

ደንግጬ ክው አልኩ። ምናለም መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ተቀብሎ ጫረው፤ ነፋሱ አጠፋበት። ደግሞ ጫረ፤ ጠፋበት። ባንችይርጋ ጠጋ ብላ ነፋሱን በነጠላዋ ከለለችለት።